የቅርስ መግለጫ ሲዘጋጅ ቅርሱንና ዳራውን ለይቶ ስለ መጻፍ

በየአካባቢው የሚዘጋጁ የቅርስ መግለጫዎችን ያነበበ ሰው አንድ የተለመደ ጉድለት ሳያስተውል አይቀርም። ጽሑፉ ከነገሥታቱ የዘር ሐረግ ይጀምርና ዘመቻውን፣ ሹመቱንና የቦታውን ስም አወጣጥ በሰፊው ይተርካል፤ ዋናው ጉዳይ ላይ ሲደርስ ግን «ይህ ድንቅና ብርቅዬ ቅርስ እስከ ዛሬ ይገኛል» ብሎ በሁለት መስመር ይዘጋል። አንባቢው ስለ ዘመኑ ብዙ ተምሮ ስለ ቅርሱ ቁመቱን እንኳ ሳያውቅ ይቀራል። የሚከተለው ማብራሪያ በትምህርት ቤት የቅርስ ክበብ፣ በሰበካ ጉባኤ፣ በመስጊድ ኮሚቴ፣ በወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በውጭ አገር በሚገኝ የማኅበረሰብ ማኅበር ውስጥ እንዲህ ያለ መግለጫ እንዲያዘጋጅ ኃላፊነት ለተሰጠው ሰው የተጻፈ ነው።

በመጀመሪያ ልዩነቱን በትክክል መያዝ ያስፈልጋል። ቅርስ ከቀደመው ትውልድ ተላልፎ ዛሬ በእጅ ያለ፣ ጠባቂ ያለው፣ ለሚመጣውም ሊተላለፍ የሚችል ነገር ወይም ክዋኔ ነው። ዳራ ያ ነገር የተገኘበት ሁኔታ ነው፤ ዘመኑ፣ ያሠራው ሰው፣ የተሠራበት ምክንያትና በመካከል የደረሰበት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ግዙፍነት ያለውና ግዙፍነት የሌለው ብሎ ይከፍለዋል፤ ዩኔስኮም ቦታዎችንና ሕንፃዎችን እ.ኤ.አ. በ1972ቱ ስምምነት፣ ክዋኔዎችን በ2003ቱ ስምምነት ለይቶ ያያቸዋል። በየትኛውም መንገድ የሚመዘገበው ያለው ነገር እንጂ የሆነው ነገር አይደለም።

አጠራጣሪ ነገር ሲያጋጥም ጥቂት ጥያቄዎች ጉዳዩን ግልጽ ያደርጉታል። ይህ ነገር ሊጎዳ፣ ሊጠገን ወይም ሊሰረቅ ይችላል? ዛሬ ጠባቂው ማን ነው? ጉዳዩ ክዋኔ ከሆነ ደግሞ የሚያከናውነው ማን ነው፣ ከማንስ ይማረዋል? ለእነዚህ መልስ የሚገኝለት ነገር ቅርስ ነው። ዳራ አይሰረቅም፣ አይጠገንም፤ ሊታወቅ፣ ሊረሳ ወይም በስሕተት ሊነገር ብቻ ይችላል።

ከሮም የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት እንውሰድ። ቅርሱ 24 ሜትር ያህል ቁመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው፣ ፎቅ ቤት መስሎ የተቀረጸ፣ ከግርጌው የበር፣ ከዚያ በላይ በየደርቡ የመስኮት ቅርጽ ያለው ድንጋይ ነው። በጥንት ዘመን ወድቆ ተሰባብሮ መኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በፋሺስት ኢጣሊያ ትእዛዝ ወደ ሮም መወሰዱ፣ የ1947ቱ የሰላም ውል እንዲመለስ ቢያዝም ሳይመለስ መቆየቱ፣ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን መምጣቱና በ2008 ዳግም መተከሉ ዳራው ነው። ዘረፋው የሚያስቆጭ ስለሆነ ብዙ ጸሐፊ ቀለሙን እዚያው ላይ ይጨርሳል፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። ሆኖም ከሐውልቱ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ለሚያይ ሰው የሚጠቅመው ስብርባሪዎቹ የተገጣጠሙበትን መስመር አሳይቶ፣ ያንን መስመር ከታሪኩ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያያይዝ መግለጫ ነው። ዳራው በቅርሱ አካል ላይ አሻራ ከተወ አሻራው በቅርሱ ክፍል፣ የአሻራው ምክንያት በዳራው ክፍል ይጻፋል።

አንድ ቦታ ከአንድ በላይ ቅርስ ሊይዝ እንደሚችልም መታወቅ አለበት። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ አድርገው መቆርቆራቸው ለግንቦቹም ለጥምቀተ ባሕሩም የጋራ ዳራ ነው። ጥምቀተ ባሕሩ፣ ማለትም የድንጋዩ ገንዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የፋሲል ግቢ ጋር የሚቆጠር ግዙፍ ቅርስ ሲሆን፣ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2019 ግዙፍነት በሌላቸው ቅርሶች መዝገብ የገባ ክዋኔ ነው። ስለ ገንዳው «ዐፄ ፋሲል ያሠሩት ታላቅ መዋኛ ሲሆን ጥምቀት ይከበርበታል» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ፣ «ገንዳው ዙሪያውን በድንጋይ ግንብ የታጠረ ነው፤ የዛፎች ሥር ግንቡን አቅፎ ይዞታል፤ ከጥምቀት በፊት የቀሃ ወንዝ ውኃ ይለቀቅበታል፤ በከተራ ዕለት ታቦታት ወርደው ያድሩበታል» ብሎ መጻፍ ይሻላል። በሁለተኛው አጻጻፍ እያንዳንዱ ሐረግ አንድ ጠባቂ ወይም አንድ ሥራ ይጠቁማል፤ ውኃውን የሚለቅ ሰው አለ፣ ሥሩ ግንቡን እየሰነጠቀ መሆኑን የሚመለከት ባለሙያ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው የብራና መጻሕፍት ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል። በአንድ ቤተሰብ እጅ ያለ የዳዊት መጽሐፍ ይመዝገብ ቢባል፣ በመጀመሪያ የቅጠሉ ብዛት፣ ቁመቱና ወርዱ፣ በገጽ ያለው የዓምድና የመስመር ቁጥር፣ ድጉሱ (በሽፋኑ ቆዳ ላይ የታተመው ጌጥ)፣ ማኅደሩ (የሚያዝበት የቆዳ ከረጢት)፣ በቀይ ቀለም የተጻፈው ክፍል፣ ሐረግ (የገጽ ጌጥ) ወይም ሥዕል ካለው እርሱ ይጻፋል። ማን አጻፈው፣ ማን ጻፈው፣ ለቤተሰቡ እንዴት ደረሰ የሚለው ዳራ ነው። ይሁን እንጂ የብራና መጻሕፍት የራሳቸውን ዳራ በገጻቸው ላይ የመያዝ ልማድ አላቸው። በጸሎቱ መካከል የአጻፊው ስም ይገባል፤ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ የቀድሞው ስም ተፍቆ በላዩ ላይ በሌላ እጅ ጽሑፍና በሌላ ቀለም የአዲሱ ባለቤት ስም ሲተካ ይታያል። በአብያተ ክርስቲያናት በሚገኙ የወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ደግሞ የርስት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና የምስክሮች ስም ተጽፎ ይገኛል።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የት እናስቀምጠው? መልሱ ሁለት ቦታ ነው። ጽሑፉ ራሱ የቅርሱ አካል ስለሆነ በየትኛው ገጽ፣ በስንት መስመር፣ በምን ዓይነት ቀለም እንዳለ በቅርሱ ክፍል ይመዘገባል፤ የሚናገረው ነገር፣ ማለትም እገሌ ለእገሌ መሬት ሸጠ የሚለው፣ በዳራው ክፍል እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ፍቀቱንም «ብልሽት» ብሎ መመዝገብ ትክክል አይደለም፤ መጽሐፉ ባለቤት መለወጡን የሚያሳይ ምልክት ነውና እንዳለ ይገለጽ። የደበዘዘውን ፊደል ለንባብ እንዲመች ብሎ በእስክሪብቶ ማድመቅማ ጨርሶ የማይገባ ነገር ነው።

አፈ ታሪክም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፈሉ ሌሊት ሌሊት መላእክት ያግዙ እንደ ነበር በአካባቢው ይተረካል። ትረካው ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ዛሬም የሚነገር በመሆኑ ራሱን ችሎ ግዙፍነት የሌለው ቅርስ ሆኖ ሊገለጽ ይችላል፤ ማን፣ መቼና ለማን እንደሚተርከው ማስፈርም ይጠቅማል። በዳራው ክፍል ግን የዛጉዌ ዘመንና የዐለት ፍልፍል አሠራሩ በማስረጃ ይቀርባሉ። ትረካውን እንደ ግንባታ ታሪክ ማቅረብም ሆነ «ተረት ነው» ብሎ መጣል ሁለቱን ክፍሎች ማደባለቅ ነው፤ «ካህናቱ እንደሚተርኩት» የምትለዋ ሐረግ ከሁለቱም ታድናለች።

በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦችና ማኅበራት ስለ ራሳቸው ሲጽፉ ይህ መለየት ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። የሰው ዳራ ከትውልዱ ጋር አብሮ የሚገኝ ስለሆነ ማንም ባያስተምረውም አይለወጥም፤ ቅርስን ግን የሚያቀብል ሰው ከሌለ ልጁ አያገኘውም። «አያታችን የወሎ ሰው ነበሩ» የሚለው ዳራ ነው። «የእርሳቸውን መንዙማ ልጃቸው በየመውሊዱ ያዜሙታል» የሚለው ቅርስ ነው። በእስራኤል የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ የሚያከብረው፣ ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን የሚውለውና እ.ኤ.አ. በ2008 በክኔሴት (በእስራኤል ፓርላማ) ሕግ የታወቀው የስግድ በዓል ቅርስ ነው፤ ቄሶቹ ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ ይሰማሉ፣ ጃንጥላዎቹ ይታያሉ። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች በሱዳን በኩል የተደረገው ጉዞና እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ማኅበረሰቡን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ያጓጓዙት ዘመቻዎች ዳራ ናቸው። ይሁንና በሱዳን መንገድ ላይ ላለቁት በየዓመቱ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ የሚደረገው የመታሰቢያ ሥርዓት፣ ዳራ የነበረው ነገር በክዋኔ አማካይነት እንዴት ቅርስ እንደሚወልድ ያሳያል። እዚህም ጉዞው በዳራ፣ ሥርዓቱ በቅርስ ክፍል ይጻፋል።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ የግሦቹን መጨረሻ ማየት ፈጣን ማረሚያ ነው። በቅርሱ ክፍል «ነበር» እየበዛ ከሄደ፣ ወይ ዳራው ሾልኮ ገብቷል፣ ወይ ክዋኔው ቀርቷል። ቀርቶ ከሆነ «ይህ ሥርዓት አሁን አይፈጸምም፤ አፈጻጸሙን የሚያስታውሱ አረጋውያን አሉ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ በአሁን ጊዜ ግሥ እየሸፈኑ ያለ ማስመሰል መዝገቡን ዋጋ ያሳጣዋል። «ጥንታዊ»፣ «ድንቅ»፣ «ብርቅዬ» የሚሉት ቅጽሎችም ልኬት፣ ዕድሜ ወይም ቁጥር ሊገባበት የሚችልን ቦታ የያዙ ከሆነ ይውጡ። በመጠን ረገድ ዳራው ከጠቅላላው ጽሑፍ ከሲሶ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ይህ ሕግ አይደለም፣ ግን ከዚያ ሲያልፍ ጽሑፉ ወደ ታሪክ ድርሰት ያዘነብላል።

በመጨረሻ ረቂቁ ለጠባቂው፣ ማለትም ለመሪጌታው፣ ለኢማሙ፣ ለአገር ሽማግሌው ወይም ለቤተሰቡ ታላቅ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። ስለ ቅርሱ የሚሰጡት እርማት ጽሑፉ ውስጥ ይገባል፤ ስለ ዳራው የሚሉት ከሌላ ማስረጃ ጋር ካልተስማማ ሁለቱም የተናጋሪው ማንነት ተጠቅሶ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ይጠቀስ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ከአንድ መዝገብ ወደ ሌላው ሲገለበጥ በቀላሉ ስሕተት ይፈጥራል።