ለማክሮ ፎቶ የሚሆን የፍላሽ ብርሃን ማለስለሻ ከካርቶን እንዴት እንደሚሠራ

የጥንዚዛ ጀርባ፣ የጤዛ ጠብታ ወይም የቀለበት ፈርጥ በማክሮ (ትንሽን ነገር ከቅርብ አግዝፎ በማንሳት) በባዶ ፍላሽ ሲነሳ ምን እንደሚመስል የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል፤ መሃሉ ላይ ዝርዝሩን የበላ ነጭ ነጥብ፣ ከሥሩ እንደ ከሰል የጠቆረ ጥላ። ብዙዎች ታዲያ ፍላሹ ፊት ላይ ሶፍት ወይም ወረቀት ይለጥፋሉ። በዚህ ብርሃኑ ይደክማል እንጂ አይለሰልስም። ብርሃን የሚለሰልሰው ከሚነሳው ነገር ሆኖ ለሚያየው ምንጩ ትልቅ ሲሆን ነው። የፍላሽ ጭንቅላት ፊት 7.5 በ5 ሳ.ሜ ገደማ ነው፤ ወረቀት ቢለጠፍበትም ስፋቱ ያው ነው። ስለዚህ የሚሠራው ማለስለሻ (ዲፊውዘር የሚባለው) ብርሃኑን ወደ 20 በ14 ሳ.ሜ ገጽ ማስፋት፣ ያንን ገጽ እስከ ሌንሱ ጫፍ ማቅረብ፣ ገጹንም ከዳር እስከ ዳር እኩል ማብራት አለበት። ሦስተኛው ነው የሚያስቸግረው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ የጫማ ካርቶን ያህል ውፍረት ያለው 50 በ70 ሳ.ሜ ካርቶን፤ የወጥ ቤት የአሉሚኒየም ፎይል፤ አንድ ቅጠል ነጭ የመጋገሪያ ወረቀት ወይም ትሬሲንግ ፔፐር፤ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚጠቀለልበት 1 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ነጭ ፎም፤ ጥቁር ፕላስተር፣ በሁለት በኩል የሚለጥፍ ፕላስተር፣ ኮላ፤ ሰፋ ያለ ላስቲክ፤ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ መቀስና ከተር። ፍላሹ ከካሜራው ጋር አብሮ የተሠራው ሳይሆን ከላይ የሚሰካው፣ ኃይሉም በእጅ የሚስተካከል ይሁን።

አቆራረጥ

መጀመሪያ የራሳችሁን ፍላሽ ጭንቅላት ለኩ። እዚህ ያሉት ልኮች 7.5 በ5 ሳ.ሜ ለሆነ ጭንቅላት ናቸው፤ የእናንተ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢለይ ጠባቡን ጫፍ ብቻ ለውጡ፣ በቁመት ላይ የሚመጣው ልዩነት 1 ሚ.ሜ እንኳ ስለማይሞላ ፕላስተሩ ይሸፍነዋል።

የሚቆረጡት አራት ትራፔዞይዶች ናቸው። ለላይና ለታች የሚሆኑት ሁለቱ ጠባብ ጫፋቸው 7.5፣ ሰፊው 20፣ ቁመታቸው 15.7 ሳ.ሜ ነው። ለጎንና ጎን የሚሆኑት ሁለቱ ደግሞ 5፣ 14 እና 16.3 ሳ.ሜ። ቁመታቸው የተለያየው በስህተት አይደለም። የጎኖቹ ወደ ውጭ የሚዘሙት 6.25 ሳ.ሜ ሲሆን የላይና የታቹ ግን 4.5 ብቻ ናቸው፤ ሁሉንም በእኩል ቁመት ከቆረጣችሁ ማዕዘኖቹ አይገጥሙም፣ አፉም ይጣመማል። ሲሠመር ከመሃል መስመር ተነስታችሁ ግራና ቀኝ እኩል ለኩ። ከአንድ ጠርዝ ተነስቶ የሚለካ ሰው አንዱ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሌላው የተንሻፈፈ ቁራጭ ይዞ ይቀራል።

ከዚሁ ካርቶን ሁለት ሰቆች ቁረጡ፤ አንዱ 4 በ70፣ ሌላው 4 በ27 ሳ.ሜ።

ፎይል መለጠፍና መግጠም

ፎይሉን መጀመሪያ በእጃችሁ ጨምድዱት፣ ከዚያ መልሳችሁ በመዳፍ ዘርጉት። ለስላሳ ፎይል እንደ መስታወት ብርሃኑን በመስመር በመስመር ይልከዋል፤ የተጨማደደው ይበትነዋል። ኮላውን በካርቶኑ ላይ አስሱና አራቱንም ቁራጭ በውስጥ በኩል ሸፍኑ። ነጭ ወረቀት ብትለጥፉም ይሠራል፤ ብርሃኑ ትንሽ ይቀንስና ሥርጭቱ ይሻላል። ፍላሹ ጠንካራ ከሆነ ወረቀቱ ይመረጣል።

ኮላው ሲደርቅ አራቱን ቁራጮች ፎይላቸውን ወደ መሬት አድርጋችሁ አንድ ሰፊ፣ አንድ ጠባብ እያፈራረቃችሁ ጠርዝ ለጠርዝ ደርድሯቸው። ጠባብ ጫፎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዩ። መጋጠሚያዎቹን በጥቁር ፕላስተር ለጥፉ፣ ከዚያ አንስታችሁ እጠፉትና የመጨረሻውን ጠርዝ ዝጉ። አፉ የሰፋ የካርቶን ጥሩምባ ይወጣል። ወደ መብራት አዙራችሁ ተመልከቱት፤ ብርሃን የሚያሾልክ ስንጥቅ ካለ ድገሙበት፣ አለዚያ ፍላሹ ሲተኮስ ዓይናችሁን ይወጋዋል።

የ27 ሳ.ሜውን ሰቅ በጠባቡ ጫፍ ዙሪያ ጠቅልሉ፤ 1 ሳ.ሜ በጥሩምባው ላይ፣ 3 ሳ.ሜ ደግሞ ወደ ኋላ ወጥቶ የፍላሹን ጭንቅላት የሚያቅፍ ይሁን። ላስቲኩን በጭንቅላቱ ላይ ጠምጥማችሁ አንገትጌውን በላዩ ብትከቱት ሳይላላ ይይዛል። ፕላስተር በቀጥታ ፍላሹ ላይ አትለጥፉ፤ ሙቀት ሲነካው ሙጫው ይቀራል።

ሁለቱ ሽፋኖች

ጥሩው ማለስለሻ ከመጥፎው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሽፋን ብቻ ካደረጋችሁ መሃሉ ይነዳል፣ ዳሩ ይጨልማል። ሁለቱን አንድ ላይ ብትደራርቡ ደግሞ ወፍራም አንድ ሽፋን እንጂ ሁለት አይሆኑም። በመካከላቸው 3 ሳ.ሜ ክፍተት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው የበተነው ብርሃን ሁለተኛው ላይ እስኪደርስ የሚሰፋው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

የመጋገሪያ ወረቀቱን 22 በ16 ሳ.ሜ ቁረጡና በጥሩምባው አፍ ላይ ወጥራችሁ ለጥፉ። የ70 ሳ.ሜውን ሰቅ በ20፣ 14፣ 20 እና 14 ሳ.ሜ ላይ እጠፉ፤ የቀረችው 2 ሳ.ሜ መለጠፊያ ናት። በአንድ በኩል ያለውን 1 ሳ.ሜ ጠርዝ በከተሩ ጀርባ ጫር አድርጋችሁ ወደ ውስጥ እጠፉት፣ ማዕዘኖቹንም ሰንጥቁ፤ የጥሩምባው ጎን ዘመም ያለ ስለሆነ ካልታጠፈ አይተኛም። ክፈፉን በአፉ ዙሪያ ከለጠፋችሁ በኋላ ከፊቱ 24 በ18 ሳ.ሜ የሆነ ፎም በሁለት በኩል በሚለጥፈው ፕላስተር ግጠሙ። ፎሙ ቶሎ ስለሚቆሽሽ የሚነሳ ቢሆን ይሻላል።

በማንኪያ መፈተን

ነፍሳት ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት የሚያብረቀርቅ ማንኪያ ጀርባ ወይም ትንሽ የብረት ኳስ አንሱ። ነጸብራቁ ውስጥ የምታዩት ማለስለሻውን ራሱን ነው፤ የጥንዚዛው ጀርባም የሚያየው ይህንኑ ነው። ዳሩ ለስለስ ብሎ የሚያልቅ ነጭ አራት ማዕዘን ከሆነ ሥራው ተሳክቷል። መሃሉ ላይ የሚነድ ነጥብ ካለ ከውስጠኛው ወረቀት መሃል ላይ 4 በ4 ሳ.ሜ ተጨማሪ ወረቀት ለጥፉ፤ ካልበቃ ሁለተኛ ጨምሩ። ዳርና ዳሩ ከጨለመ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የካርቶኑ አይደለም፤ የፍላሹ ዙም (ብርሃኑን የሚያጠብበትና የሚያሰፋበት) በ105 ሚ.ሜ ላይ ቆሞ ነው። ወደ 24 መልሱት፣ ከጭንቅላቱ ውስጥ የምትሳብ የማስፊያ ፕላስቲክ ካለችውም ሳቧት።

በፎቶው ግርጌ ክብ ጥላ ከታየ ብርሃኑን ሌንሱ ከልሎታል፤ ማለስለሻው አጭር ነው ማለት ነው። ክፈፉን በ2 ሳ.ሜ አርዝሙ ወይም ፍላሹ ወደ ታች የሚያዘነብል ከሆነ አዘንብሉት። ጥሩምባው ሌንሱን ከነካ ከታችኛው ጎን ሌንሱ የሚያልፍበትን ግማሽ ክብ ቆርጣችሁ ጠርዙን በፕላስተር ዝጉ።

ማስተካከያዎች

ካሜራውን በማኑዋል (ሁሉም በእጅ በሚስተካከልበት) አድርጉ። የሹተር (የካሜራው መዝጊያ) ፍጥነት 1/200 ሰከንድ (ካሜራችሁ ከፍላሽ ጋር የሚስማማበት ከፍተኛ ፍጥነት ከዚህ ቢያንስ እሱን)፣ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 200፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 11፣ ፍላሹ 1/16 ኃይል፤ ከዚህ ተነስታችሁ ውጤቱን እያያችሁ የፍላሹን ኃይል ብቻ ከፍ ዝቅ አድርጉ። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 22 ማጥበብ ያጓጓል፤ ነገር ግን 1፡1 ላይ (ነገሩ ሴንሰሩ ላይ በራሱ መጠን ሲያርፍ) ኤፍ 11 ራሱ በተግባር እንደ ኤፍ 22 ነው የሚሠራው፣ ብርሃኑም በሁለት ስቶፕ ያንሳል፣ ማለትም ወደ ሩብ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ሲጠብ በጥልቀት ያገኛችሁትን በጥራት ታጡታላችሁ።

የፍላሹ ኃይል ዝቅ ማለቱ ባትሪ ከመቆጠብም በላይ ጥቅም አለው። ብዙዎቹ ፍላሾች በ1/16 ኃይል ብልጭታቸው ከ1/5000 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ የእጅ መንቀጥቀጥንና የነፋስን ውዝዋዜ የሚያቆመው ይህ እንጂ ሹተሩ አይደለም። በሙሉ ኃይል ብልጭታው ስለሚረዝም የንብ ክንፍ ይደበዝዛል። በላዩ ላይ፣ ሙሉ ኃይል በተከታታይ ከተተኮሰ የፍላሹ ፊት ፕላስቲክ ይግላል፣ ሊቀልጥም ይችላል። ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሽፋኑ በዝቷል፤ ፎሙን በስስ ቀይሩት።

የቀለም ነገር፦ ፎምም ወረቀትም ነጭ ይምሰሉ እንጂ ትንሽ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ነጭ ወረቀት በማለስለሻው ብርሃን አንሱና ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ የሚያሳይበትን ማስተካከያ) በእሱ አስተካክሉ። አንዴ ከተስተካከለ ሽፋኑ እስኪቀየር ድረስ አይነካም።

የብርሃኑ ምንጭ ሲቀርብ ከነገሩ ኋላ ያለው ሁሉ ወደ ጥቁርነት ይሄዳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳልና። ጥቁሩን ካልወደዳችሁት ከነገሩ 5 ሳ.ሜ ያህል ኋላ ቅጠል ወይም ባለቀለም ወረቀት አስገቡ። ከሥር ለሚቀረው ጥላ ደግሞ 10 በ15 ሳ.ሜ ነጭ ካርቶን ከሌንሱ በታች ወደ ላይ አዘንብሎ መያዝ ይበቃል፤ በፎይል አትሸፍኑት፣ ከሥር የሚመጣ ጠንካራ ብርሃን ነፍሳቱን ያለተፈጥሯቸው ያስመስላቸዋል።

ጤዛ ባለበት ማለዳ የምትሠሩ ከሆነ የውስጠኛው ወረቀት እርጥበት ይዞ ይረግባል። በእሱ ፈንታ ከነጭ የወተት ፕላስቲክ የተቆረጠ ገጽ አድርጉ፤ ብርሃን የሚበላው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን አይረግብም፣ በጨርቅም ይጠረጋል።