ጊዜያዊ ኬዚንግ ለማውጣት ስንት ቶን ያስፈልጋል?

ክሬኑ ኬዚንጉን፣ ማለትም ለፓይል (መሬት ውስጥ ለሚሞላ የኮንክሪት ምሰሶ) የተቆፈረው ጉድጓድ እንዳይደረመስ የሚይዘውንና ኮንክሪት ሲሞላ የሚወጣውን የብረት ቱቦ፣ ማውጣት መቻሉ መታወቅ ያለበት የመጀመሪያው የኮንክሪት መኪና ከመጠራቱ በፊት ነው። እኔ ከፎርማኑ ጋር ቁጭ ብዬ በአንድ ገጽ አሰላዋለሁ።

የሚጎትተው ኃይል ሦስት ነገር ማሸነፍ አለበት፦ የብረቱን ክብደት፣ የውጩን የአፈር ሰበቃ፣ የውስጡን የኮንክሪት ሰበቃ። የውጭ ዲያሜትሩ 1 ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ ኬዚንግ ሸክላ አፈር ውስጥ ገብቷል እንበል። ብረቱ 5.8 ቶን ገደማ፣ ማለትም 57 ኪሎኒውተን ይመዝናል። አፈሩን የሚነካው ገጽ 37.7 ካሬ ሜትር ነው። የአፈሩ የሽርተት ጥንካሬ (መንሸራተትን የሚቋቋምበት አቅም) 60 ኪሎፓስካል፣ ማለትም በካሬ ሜትር 60 ኪሎኒውተን ከሆነና ግማሹ ብረቱን ይይዛል ካልን፣ 1131 ኪሎኒውተን ይመጣል። ለትኩስ ኮንክሪት በካሬ ሜትር 3 ኪሎኒውተን ብንይዝ 109 ይጨመራል። ድምሩ ወደ 1300 ነው፤ ለጥንቃቄ በ1.5 አባዝቼ 200 ቶን የሚጎትት መሣሪያ እጠይቃለሁ። ባለ 50 ቶን ክሬን ብቻውን አይበቃም፤ ኦሲሌተር (ኬዚንጉን ይዞ ወዲያና ወዲህ እያዞረ የሚስብ ማሽን) ያስፈልጋል። አሸዋ ከሆነ ሰበቃው ከጥልቀት ጋር ስለሚያድግ ንብርብር በንብርብር ይሰላል።

ከሁሉ አብልጬ የምጠነቀቀው ለጊዜ ነው። ሲገባ የተረበሸው ሸክላ ውሎ ሲያድር ጥንካሬውን መልሶ ያገኛል። ቦሌ አካባቢ ደግሞ ላይኛው መረሬ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ውሃ ሲጠጣ አብጦ ብረቱን ይጨምቃል። ኮንክሪቱ መጠጠር ከጀመረ የውስጡ 3 ወደ 15 ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ 109 የነበረው 540 ይሆናል። ይህ ኃይል ብቻ አይደለም፦ ኮንክሪቱና ኬጁ (በውስጡ ያለው የፌሮ ብረት ቀፎ) ከኬዚንጉ ጋር አብረው ከተነሡ ፓይሉ ይቆረጣል። ስለዚህ ስሌቱ መኪናው በትራፊክ ለሚዘገይበት ሰዓት ይሠራ፤ ማዘግያ ኬሚካሉም ለዚያው ይመጠን።

ግምቱን ማረጋገጫም አለ። ኬዚንጉ መጨረሻ ጥልቀት ላይ ሲዞር የታየውን ቶርክ (የማዞሪያ ጉልበት) በ2 አባዝታችሁ ለዲያሜትሩ አካፍሉ። 500 ኪሎኒውተን ሜትር ካያችሁ ሰበቃው 1000 ኪሎኒውተን ገደማ ነው፤ ጫፉ አፈር ስለሚቆርጥ ትንሽ ያጋንናል። ሲወጣም እያዞራችሁ ሳቡት፤ ሰበቃው ወደ ጎን ስለሚከፈል ወደ ላይ የሚፈለገው ኃይል ይቀንሳል።

የመጀመሪያውን ፓይል ከፍተኛ ጉትቻ ከመሣሪያው ጌጅ (መለኪያ) ላይ መዝግቡ። 900 ከሆነ፣ 57ና 109 ተቀንሰው ለ37.7 ሲካፈሉ 19.5 ኪሎፓስካል ይገኛል፤ ግማሽ ያልነው አንድ ሦስተኛ ሆነ ማለት ነው። ቀጣዮቹን በዚህ አስሉ፤ ኬዚንጉ አፈር ውስጥ ካደረ ግን ወደ ግማሹ ተመለሱ።