«ደህና ነኝ» እንዳትሉ
ከአሜሪካ ጦር ስወጣ ጉልበቴ ተጎድቷል፤ ጆሮዬም ሌት ተቀን ይጮሃል። ዓመታት ዝም አልኩ። ሞኝነት ነበር።

እናንተ በአገልግሎት ላይ ለደረሰባችሁ ጉዳት ካሣ ለማግኘት ቅድሚያ ለቪኤ (ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) «ላመለክት አስቤያለሁ» የሚለውን ማሳወቂያ አስገቡ። ማስረጃ ለመሰብሰብ 1 ዓመት ይሰጣችኋል። ከተፈቀደላችሁ ክፍያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል። ዲዲ 214 የሚባለውን የስንብት ወረቀትና የሕክምና ማስረጃችሁን አያይዙ።

ቪኤ የሚያዝላችሁ የሕክምና ምርመራ ላይ ታዲያ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንዳትሉ! በሚብስባችሁ ቀን እንዴት እንደምትሆኑ ንገሩ። ደረጃ መውጣት ያቅታችኋል? በሉት።

ለየጉዳቱ የሚሰጠው መቶኛ ሲደመር ስሌቱ ግራ ያጋባል፦ 50 እና 30 በመቶ 80 አይሆንም፤ 30ው ከቀሪው 50 ላይ ስለሚሰላ 65 ይመጣና ወደ 70 ይጠጋጋል።

መልሱ እስኪመጣ እኔ በረንዳዬ ላይ በባልዲ በሶብላና ጤና አዳም ተከልኩ። ጎንበስ ማለት ስለማልችል ባልዲዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ጎረቤቴ ለቡናዋ እየመጣች ትቀጥፋለች።