ለስስ ላሜራ የሚሆን ትንሽ ፕላዝማ ካተር ስትገዙ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለችኝ ባትላሜራ ቤት የሚቆረጠው ብረት አብዛኛው ከ2 ሚሜ አያልፍም። የመኪና ፓራፋንጎ፣ የበር ላሜራ፣ የምግብ ቤት ጭስ ማውጫ፣ አንዳንዴም ለምድጃ የሚሆን በርሜል ነው። የምጽፈውም እንደኔ ቀጭን ነገር ለሚቆርጥ የሙያ ባልደረባ ነው። ወፍራም ብረት የምትቆርጡ ሌላ ማሽን ያስፈልጋችኋል።

ፕላዝማ አሠራሩ ቀላል ነው። የታመቀ አየር ቶርቹ (በእጅ የሚያዘው መቁረጫ) ጫፍ ላይ ባለው ኖዝል ጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ፣ ቶርቹ ውስጥ ካለው ኤሌክትሮድ የሚነሳ የኤሌክትሪክ አርክ፣ ማለትም የማያቋርጥ ብልጭታ፣ ያገኘዋል፤ አየሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ይሆንና ብረቱን አቅልጦ ወደ ታች ይነፋዋል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት ሁሉ ይቆረጥበታል፤ የኦክስጅንና ጋዝ መቁረጫ የማይደፍረው እስቴንለስና አሉሚኒየም እንኳ ሳይቀር። ሙቀቱም ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ላሜራው እንደ ጋዙ አይጎብጥም።

መርካቶ ገብታችሁ ስትጠይቁ መጀመሪያ የምትሰሙት አምፔር ነው። «ጋሼ፣ ይሄኛው 50 ነው፣ 12 ሚሜ ይቆርጥልሃል!» ይላል ልጁ። እናንተ ግን ወደ ታች እስከ ስንት እንደሚወርድ ጠይቁ። 1 ሚሜ ላሜራ በ20 አምፔር በደንብ ይቆረጣል። ስለዚህ ማዞሪያው እስከ 15 ወይም 20 የሚወርድ ምረጡ። በ40 አምፔር ቀጭን ላሜራ ላይ ከገባችሁ እጃችሁ ፍጥነቱን አይደርስበትም፤ መስመሩ ይሰፋል፣ ጠርዙም ይቀልጣል።

አምፔሩን ዝቅ ማድረግ ለኤሌክትሪክ መስመራችሁም ይጠቅማል። 40 አምፔር የሚያወጣ ማሽን በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከ220 ቮልት መስመር ከ20 አምፔር በላይ ይስባል፤ ተራው ሶኬት ግን የተሠራው ለ16 ነው። በ20 ስትቆርጡ ከመስመሩ የሚሳበው ወደ 10 እና 11 ይወርዳል። አየሩን የሚያምቀውን ኮምፕሬሰር ከዚያው ሶኬት ላይ አትሰኩት፤ የራሱ መስመርና ብሬከር ይኑረው። ኤክስቴንሽን ከተጠቀማችሁ ሽቦው ከ2.5 ካሬ ሚሜ አይነስ፣ እንደተጠቀለለም አትሥሩበት።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ አየሩ ነው። ሰው ገንዘቡን ሁሉ ማሽኑ ላይ ያፈስና ኮምፕሬሰሩን በተረፈችው ይገዛል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ «አይረባም» ተብሎ ጥግ ይጣላልና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየራችን ባሕር ዳር ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ኮምፕሬሰሩ ላይ የተጻፈው ሊትር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው እንጂ ከቱቦው የሚወጣው አይደለም። ትናንሾቹ ፕላዝማዎች በደቂቃ ከ100 እስከ 150 ሊትር፣ በ4 ወይም 5 ባር ግፊት ይፈልጋሉ። 24 ሊትር ታንክ ያላት ትንሿ ኮምፕሬሰር ስትጀምሩ ታስደስታችኋለች፤ ትንሽ እንደቆረጣችሁ ግፊቱ ይወድቅና አርኩ ይንቀጠቀጣል፣ ኖዝሉም ይቃጠላል። የማሽኑን መመሪያ አይታችሁ፣ ከሚጠይቀው ቢያንስ በግማሽ የሚበልጥ አየር የሚያወጣ፣ ታንኩም 50 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ያዙ። ብሩ ለሁለቱ ካልበቃ ከማሽኑ ቀንሱ፣ ከኮምፕሬሰሩ አትቀንሱ።

ኮምፕሬሰሩ ውስጡ የተገጠመለትም አለ፤ ሃይፐርተርም ፓወርማክስ 30 ኤር አንዱ ነው። በአንድ እጅ ይዛችሁ ፎቅ ትወጣላችሁ፣ ለቀጭን ላሜራም ይበቃል። እንዲህ ያለውን ስትገዙ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ መመሪያው ላይ ፈልጉ።

በክረምት ደግሞ ውሃ አለ። አየር ሲታመቅ እርጥበቱ ታንኩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ያ ውሃ አርኩ ጋ ሲደርስ ኤሌክትሮዱን ይበላዋል፣ ቁርጡም ይተፋል። ጠዋት ጠዋት የታንኩን ማፍሰሻ ክፈቱ። የውሃ ማጣሪያውን ኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ ሳይሆን ማሽኑ አጠገብ ግጠሙት፤ አየሩ በቱቦው ሲመጣ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ውሃውን የሚለቀው። ለማረጋገጥ ቱቦውን ከማሽኑ ነቅላችሁ ንጹህ መስታወት ላይ አየሩን ልቀቁት፤ ላብ መሰል ነገር ከታየ ገና ነው።

አርኩ እንዴት እንደሚነሳም ጠይቁ። ርካሾቹ ፒቲ 31 የሚባለውን ቶርች ይዘው ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ ጫፉ ብረቱን ካልነካ አይነሱም። ቀለም ያለበት ወይም የዛገ ላሜራ ላይ ያስቸግራሉ፣ ኖዝልም ቶሎ ይጨርሳሉ። ፓይለት አርክ ያለው ሳይነካ ይነሳል፤ ለአሮጌ መኪና ላሜራ ከዚህ የተሻለ የለም። መኪና ላይ ስትቆርጡ ግን ማሽኑ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ።

ኖዝልና ኤሌክትሮድ ሁልጊዜ ይበላሉ። የኤሌክትሮዱ ጫፍ መሐል ላይ ሃፍኒየም የሚባል ነጥብ አለ፤ እዚያ ያለው ጉድጓድ ወደ 1.5 ሚሜ ሲጠጋ ቀይሩት። የኖዝሉ ቀዳዳ ክብነቱን ካጣ ቁርጡ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ስለዚህ ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት የዚያ ቶርች ኖዝል በሌሎች ሱቆችም መኖሩን ዞራችሁ እዩ። ካልተገኘ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢያምር አልገዛውም።

ስለ ጤና ሁለት ሦስት ነገር። እስከ 40 አምፔር ጥቁረቱ ቁጥር 5 የሆነ የብየዳ መስታወት፣ ከዚያ በላይ እስከ 60 ቁጥር 6 ልበሱ፤ የጸሐይ መነጽር አይተካውም። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ላሜራ ሲቆረጥ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል፤ ወተት መጠጣት አይከላከለውም፣ ደጅ ላይ ወይም ነፋስ ባለበት ቁረጡ። ምን ይዞ እንደነበር የማታውቁትን በርሜል ደግሞ ፕላዝማ አታስጠጉበት። የቀረው የነዳጅ ተን ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል።

ስትገዙ የራሳችሁን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ባለ 1 ሚሜ፣ አንድ ቀለም የተቀባ። ሻጩ ወፍራም ብረት ሊያሳያችሁ ይፈልጋል፤ እናንተ የራሳችሁን አስቆርጡ። በ20 አምፔር አንድ ክንድ ያህል ቀጥ ያለ መስመር፣ ቀጥሎ አንድ ክብ። ከስር የሚወጣው ፍንጣሪ ቶርቹ ከሚሄድበት በተቃራኒ በትንሹ ዘንበል ማለት አለበት፤ ወደ ላይ ከተመለሰ ላሜራው አልተበሳም፣ ወይ ፍጥነቱ በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል። ሲበርድ ከጠርዙ ስር ቀልጦ የተንጠለጠለውን ብረት በመዶሻ ጫፍ ነካ አድርጉት። ተላጥቶ ከወደቀ መልካም ነው። ተጣብቆ ከቀረ ፍጥነቱን ቀነስ አድርገው እንደገና ይቁረጡላችሁ፤ አሁንም ካልለቀቀ ኖዝል ቀይረው ይሞክሩት፣ እስከዚያ ብሩ ኪሳችሁ ይቆይ።