ቪኤም/370ን በራስዎ ላፕቶፕ ላይ አስነሥቶ ለመማር፦ ከአንድ የቀድሞ የሜይንፍሬም ፕሮግራመር

ባሕር ዳር ውስጥ ኮምፒውተር የሚማሩ ወጣቶች ስለ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር ስለሚፈጠር ኮምፒውተር ሲጠይቁኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደናግራቸው ነገር አንድ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ማሽኑን የሚሰጠው ፕሮግራም እና በተሰጠው ማሽን ውስጥ የሚሠራው ስርዓተ ክወና ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በግልጽ አይታያቸውም። በዛሬዎቹ ሶፍትዌሮች ይህ ድንበር በመስኮትና በምስል ስለተሸፈነ አይፈረድባቸውም። እኔ በወጣትነቴ በውጭ አገር ስሠራበት በነበረው ቪኤም/370 በተባለው፣ አይቢኤም ሜይንፍሬም ለሚባሉት ትልልቅ የድርጅት ኮምፒውተሮቹ በሠራው ስርዓት ላይ ግን አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ ድንበሩን ወዲያና ወዲህ መሻገር ይቻል ነበር። ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምሰጠው ምክር ያንኑ አሮጌ ስርዓት አስነሥተው በእጃቸው እንዲነካኩት ነው። ይህን ለማድረግ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም፤ ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ ላይ የሚገኝ ማናቸውም ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል።

ታሪኩን በአጭሩ ላስቀምጥ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በማሳቹሴትስ በሚገኘው የአይቢኤም የኬምብሪጅ ሳይንሳዊ ማዕከል በሮበርት ክሪሲ የሚመራ ቡድን፣ የማህደረ ትውስታ አድራሻ የሚተረጉም ተጨማሪ ሃርድዌር በተገጠመለት ሲስተም/360 ሞዴል 40 ላይ ሲፒ-40 የተባለውን ፕሮግራም ሠርቶ በ1967 መጀመሪያ ላይ ሥራ አስጀመረው። ሲፒ-40 እስከ 14 ቨርቹዋል ማሽኖችን ያስተናግድ ነበር። ከእርሱ ሲፒ-67 ተወለደ፤ ቪኤም/370 ደግሞ በነሐሴ 1972 በይፋ ተዋወቀ። በጣም የምወደው ክፍል ግን የሥራው ዘዴ ነው፤ ሠሪዎቹ አዲሱ የሲስተም/370 ሃርድዌር ገና እጃቸው ሳይገባ፣ ሲፒ-67ን አሻሽለው በሲስተም/360 ሞዴል 67 ላይ 370ን እንዲመስል አድርገው፣ አዲሱን ስርዓት በዚያ በሌለ ማሽን ውስጥ ፈትነውታል።

ለመጀመር ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ሄርኩለስ ነው፤ ሮጀር ቦውለር በ1999 የጀመረው፣ የሜይንፍሬምን ሃርድዌር በሶፍትዌር የሚያስመስል ነፃ ፕሮግራም ሲሆን በሊኑክስም በዊንዶውስም ይሠራል። ሁለተኛው በፈቃደኛ ባለሙያዎች ተዘጋጅቶ የሚታደለው የቪኤም/370 ልቀት 6 ጥቅል ነው፤ ይህ ልቀት ያለ ፈቃድ ክፍያ ማንም ሊጠቀምበት የሚችል ሲሆን ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን የአይቢኤም የሚሸጡ ምርቶች ናቸውና ሁለቱን አያምታቱ። ሦስተኛው የ3270 ተርሚናልን፣ ማለትም ተጠቃሚው ከሜይንፍሬሙ ጋር የሚገናኝበትን ማያ ገጽና ቁልፍ ሰሌዳ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ወረዳ የሚኖሩ ከሆነ ሦስቱንም ባሕር ዳር ላይ አውርደው በፍላሽ ይዘው መሄድ ይሻላል፤ ከተጫኑ በኋላ መስመር አያስፈልጋቸውም። ትእዛዞቹን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በድምፃቸው አስቀምጣቸዋለሁ፤ እርስዎ ግን በላቲን ፊደል ይጻፏቸው፤ ምክንያቱም ስርዓቱ የሚያውቀው ኤቢሲዲክ የተባለውን 256 ቦታ ብቻ ያለውን የፊደል ኮድ ነው፤ የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው ገና በ1999 ነበር።

ሄርኩለስን ሲከፍቱ የሚያዩት መስኮት የማሽኑ የኦፐሬተር ጠረጴዛ ነው። በጥቅሉ ውስጥ ያለው ማስጀመሪያ ፋይል አይፒኤል የተባለውን ማስነሻ ትእዛዝ ራሱ ይሰጣል፤ ካልሰጠ የሚነሣበት የዲስክ አድራሻ አብሮት በሚመጣው መመሪያ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ሲፒ፣ ማለትም ማሽኖቹን የሚያካፍለው ፕሮግራም፣ ሰዓቱን መቀየር ይፈልጉ እንደሆነና በምን ዓይነት መንገድ መነሣት እንዳለበት ይጠይቃል። በዚህ መስኮት ለሲፒ የሚሰጥ መልስ ሁሉ በእዝባር ምልክት መጀመር አለበት፤ አለዚያ መልሱን ሄርኩለስ ለራሱ ይወስደዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮልድ ብለው ያስነሡት፤ በሌሎቹ አማራጮች ላይ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ተርሚናሎቹ እንዲከፈቱ ኢኔብል ኦል የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ፤ ቀጥለው የተርሚናሉን ፕሮግራም በራስዎ ማሽን ወደብ 3270 ላይ ያገናኙ።

በተርሚናሉ ላይ ሎጎን ብለው በጥቅሉ መመሪያ ላይ በተሰጠው ተራ የተጠቃሚ ስም ሲገቡ፣ የተሰጠዎት ፋይልና ፎልደር ያለው አካውንት አይደለም፤ ባዶ ማሽን ነው። አይፒኤል ሲኤምኤስ ብለው ሲጽፉ ብቻ ሲኤምኤስ የተባለው፣ ለአንድ ሰው የተሠራው ትንሽ ስርዓተ ክወና በዚያ ማሽን ውስጥ ይነሣል፤ አንዳንድ ጥቅሎች ይህን በራሳቸው ያደርጉታል። ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዎ አይጥፋ፤ አሁን የማናግረው ማንን ነው? ከማያ ገጹ በታች በቀኝ በኩል ያለው ጽሑፍ መልሱን ይነግርዎታል። ሲፒ ሪድ የሚል ከሆነ ማሽንዎ ቆሟል፤ የሚሰማዎትም ሲፒ ነው። ቪኤም ሪድ የሚል ከሆነ ሲኤምኤስ ትእዛዝዎን ይጠብቃል። ሞር የሚል ካዩ ደግሞ ገጹ ሞልቷልና የማጽጃውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ጀማሪዎች ስርዓቱ ተሰናከለ ብለው ላፕቶፑን የሚያጠፉት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ፒኤ1 የተባለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ በአብዛኞቹ የተርሚናል ፕሮግራሞች ኦልትና 1 አንድ ላይ ሲጫኑ ይሠራል። ሲኤምኤስ ባለበት ይቆማል፤ እርስዎም ከማሽኑ ውጭ ይወጣሉ። ዲስፕሌይ ጂ ብለው ቢጽፉ 16ቱ ሬጅስተሮች፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት የቁጥር መያዣዎች ምን እንደያዙ ይታያል፤ ስቶር በሚለው ትእዛዝ ደግሞ በማህደረ ትውስታው ውስጥ የፈለጉትን ቁጥር መክተት ይችላሉ። በእውነተኛው 370 ላይ እነዚህ ሥራዎች ከማሽኑ ፊት ለፊት ባሉ አዝራሮችና መብራቶች የሚከናወኑ ነበሩ፤ የሲፒ ትእዛዞች አብዛኞቹ የእነዚያ አዝራሮች ምትክ ናቸው። ቢጊን ሲሉ ሲኤምኤስ መቆሙን እንኳ ሳያውቅ ካቆመበት ይቀጥላል። ዲፋይን ስቶሬጅ 2ኤም ቢሉ ደግሞ ባለ 2 ሜጋባይት ማሽን ይሆንልዎታል፤ የማህደረ ትውስታውን መጠን መቀየር ማሽኑን ስለሚያጸዳው ግን ሲኤምኤስን እንደገና ማስነሣት ይኖርብዎታል። አድራሻው 24 ቢት በመሆኑ ከ16 ሜጋባይት በላይ መጠየቅ አይቻልም።

ይህ ሁሉ የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለው ስርዓት የሚሠራው ዝቅ ባለ ሥልጣን ነው፤ ዲስክ ማንቀሳቀስን ወይም የማሽኑን ሁኔታ መለወጥን የመሰለ ልዩ ፈቃድ የሚያሻው ትእዛዝ ሲያወጣ ሃርድዌሩ አቋርጦ ጉዳዩን ለሲፒ ያስረክበዋል፤ ሲፒም የተጠየቀውን አስመስሎ ፈጽሞ ይመልስለታል። ይህን በዓይን ለማየት ሲኤምኤስ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ የሚያሳየውን የአር መልእክት ይመልከቱ። በእዝባር የተለዩ ሁለት የሰዓት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያው ማሽንዎ ራሱ የተጠቀመበት የፕሮሰሰር ጊዜ ሲሆን ሁለተኛው የሲፒ ድካም የተጨመረበት ድምር ነው። ስሌት ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ካስኬዱ ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ፤ ብዙ ፋይል የሚያነብና የሚጽፍ ካስኬዱ ግን ይራራቃሉ። እኔ በነበርሁበት መሥሪያ ቤት አንድ ፕሮግራም ሲዘገይ መጀመሪያ የምናየው ይህን ልዩነት ነበር፤ እስከ ዛሬም ከዚህ የበለጠ የቨርቹዋል ማሽንን ዋጋ የሚያሳይ ትምህርት አላገኘሁም።

ወደ ዲስክ እንለፍ፤ ብዙ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። 3350 የተባለው ዲስክ 555 ሲሊንደሮች፣ ማለትም የዲስኩ ቦታ የሚለካባቸው ክፍሎች አሉት፤ ሲፒ ይህን ቆራርሶ ሚኒዲስክ እያለ ለየተጠቃሚው ያድላል። በጎጃም ርስት ለልጆች ሲካፈል እያንዳንዱ ወራሽ መሬቱን ከራሱ ድንበር ጀምሮ እንደሚለካ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ማሽንም ሚኒዲስኩን ከሲሊንደር 0 የሚጀምር ሙሉ ዲስክ አድርጎ ይቆጥረዋል። ክፍፍሉ የሚጻፈው ዳይሬክተሪ በተባለው ፋይል ሲሆን፣ ኤምዲስክ በሚለው መስመር ላይ አድራሻው፣ የዲስኩ ዓይነት፣ መነሻ ሲሊንደሩ፣ የሲሊንደሮቹ ብዛትና የዲስኩ ስም በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። አደጋው ስርዓቱ የሁለት ሰዎች ድርሻ መደራረቡን አለመመርመሩ ነው፤ መነሻውን በአንድ ቁጥር ቢያሳስቱ የጎረቤትን ድንበር ገፍተው የሰውየውን ፋይል ያጠፋሉ፣ ማስጠንቀቂያም አይመጣም። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት የእያንዳንዱን ሚኒዲስክ መነሻና መድረሻ በወረቀት ላይ በሠንጠረዥ ያስፍሩ። ዳይሬክተሪውን ሜይንት በተባለው የጥገና ተጠቃሚ ስም አርመው ዳይሬክት በሚለው ትእዛዝ ካጸደቁ በኋላ፣ በአዲሱ ተጠቃሚ ገብተው ፎርማት 191 ኤ ይበሉ፤ 191 የግል ሚኒዲስክ የተለመደ አድራሻ ነው።

ፋይል ለመጻፍ ኤዲት የሚለውን ይጠቀሙ። የፋይል ስም እስከ 8 ፊደል፣ ዓይነቱም እስከ 8 ፊደል፣ ዲስኩ ደግሞ በአንድ ፊደል ይገለጻል። ኢንፑት ብለው ጽሑፉን ያስገቡ፤ ባዶ መስመር ሲልኩ ከማስገባት ይወጣሉ፤ ፋይል ሲሉ ይቀመጣል። ፕሮፋይል ኤግዜክ ብለው የሰየሙት ፋይል ሲኤምኤስ በተነሣ ቁጥር በራሱ ይሠራል።

ለሌላ ተጠቃሚ ፋይል መላክ የሚከናወነው በሌለ ካርድ፣ ማለትም የድሮ ኮምፒውተሮች መረጃ ያነቡበት የነበረውን የተበሳ ወረቀት በማስመሰል ነው። እያንዳንዱ ማሽን በ00ሲ አድራሻ ካርድ ማንበቢያ፣ በ00ዲ ካርድ መብሻ፣ በ00ኢ ማተሚያ አለው፤ ሦስቱም በዲስክ ላይ ያለ ወረፋ ብቻ ናቸው። ስፑል ፓንች ቱ ብለው የተቀባዩን ስም ይጨምሩ፤ ከዚያ ዲስክ ደምፕ ብለው የፋይሉን ስም ይስጡ። ተቀባዩ ዲስክ ሎድ ሲል ፋይሉ ከማንበቢያው ወደ ሚኒዲስኩ ይገባል። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ተርሚናል ከፍተው ቢሞክሩት ጥሩ ነው።

እነዚህ በወረፋ ላይ ያሉ ፋይሎች መብራት በጠፋ ጊዜ ምን እንደሚሆኑ ማወቅ ለእኛ አገር ተጠቃሚ የግድ ነው። ስርዓቱን ሹትዳውን ብለው በሥርዓት ከዘጉት በሚቀጥለው ጊዜ ዋርም ብለው ያስነሡት፤ ወረፋው ሁሉ ይመለሳል። መብራት ድንገት ጠፍቶ ባትሪውም ካለቀ ግን ሲኬፒቲ የሚለውን ይምረጡ፤ ሲፒ በየጊዜው ካስቀመጠው መዝገብ ወረፋውን ይሰበስባል። ይህም እምቢ ካለ ፎርስ አለ፤ የተበላሸውን ጥሎ የቀረውን ያነሣል። ኮልድ ወረፋውን በሙሉ ስለሚደመስስ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። የዲስክ ፋይሎቹን የያዘውን ፎልደር በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ መቅዳት ከሁሉም ይቀድማል፤ ይህን ግን ሄርኩለስ ተዘግቶ ሳለ ብቻ ያድርጉት።

እዚህ የደረሰ ሰው ቪኤምን በቪኤም ውስጥ ለማስነሣት ዝግጁ ነው። የስርዓቱን ዲስኮች ቅጂ ሙሉ ሚኒዲስክ አድርገው ለአንድ አዲስ ተጠቃሚ ይስጡ፤ በዚያ ተጠቃሚ ገብተው ሴት ኢሲሞድ ኦን ይበሉ፣ ምክንያቱም ይህ ካልተደረገ ውስጠኛው ሲፒ አድራሻ መተርጎም አይችልም፤ ከዚያ ከቅጂው ዲስክ ያስነሡ። ሌሎች ተርሚናሎች ወደ ውስጠኛው ስርዓት የሚገቡት ዳያል በሚለው ትእዛዝ ነው። በኮንሶሉ ላይ ፒኤ1ን ሲጫኑ የሚቆመው ውስጠኛው ሲፒ ከነተጠቃሚዎቹ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሲጨርሱም ሹትዳውን መጀመሪያ ለውስጠኛው፣ ቀጥሎ ለውጭኛው ይሰጣል።