የጅማን የዕድሜ ፒራሚድ ሠርቶ ማነጻጸር

በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የጅማ ከተማ ሕዝብ 88,867 ነበር፤ በ1999 ደግሞ 120,960። ከተማው በምን ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች እንደሰፋ ግን ድምሩ አይናገርም፤ ለዚያ የዕድሜ ፒራሚድ፣ ማለትም የእያንዳንዱን የዕድሜ ቡድን ድርሻ ሕፃናትን ከሥር አድርጎ ወንዶችን በአንድ ጎን ሴቶችን በሌላው የሚያሳይ ሥዕል፣ መሥራት ያስፈልጋል። ሥዕሉ ቀላል ነው፤ የሚያሳስተው ንባቡ ነው።

መጀመሪያ ከኦሮሚያ የቆጠራ ውጤት ጥራዝ ሕዝቡን በዕድሜና በጾታ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ይውሰዱ። ጅማ ከተማና ጅማ ዞን እንዳይቀላቀሉብዎ። ወደ 1976ቱ ቆጠራ መመለስ ከፈለጉ የከተማውን ቁጥር ብቻ ይያዙ፤ ጅማ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች የከፋን ቁጥር ከዛሬው ዞን ጋር ማስተያየት አያስኬድም።

ኤክሴል ላይ 0–4፣ 5–9 እያሉ ይደርድሩ፤ 75ና ከዚያ በላይ ያሉትን አንድ ላይ ያድርጉ። እያንዳንዱን ቡድን ለሁለቱም ጾታ ጠቅላላ ድምር ያካፍሉና በ100 ያባዙ። ወንዶችን ለወንዶች፣ ሴቶችን ለሴቶች ድምር ማካፈል የተለመደ ስሕተት ነው፤ የጾታውን ልዩነት ይደብቃል። የወንዶቹን ዓምድ በ−1 ያባዙ፣ አግድም ባር ቻርት ያስገቡ፣ የባሮቹን መደራረብ (Series Overlap) 100%፣ ክፍተታቸውን (Gap Width) 5% ያድርጉ። የቁጥሩን ቅርጽ 0.0;0.0 ካሉት የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋል። ሁለቱም ፒራሚድ በአንድ ልኬት ይሠራ።

ከመተንተንዎ በፊት ዕድሜ በነጠላ ዓመት የተዘረዘረበትን ሰንጠረዥ ይመልከቱ። 30፣ 40 እና 50 ላይ ጉብታ፣ 31 እና 41 ላይ ጉድጓድ ይኖራል። የልደት ወረቀት የሌለው ሰው ሲጠየቅ «ወደ አርባ ይሆነኛል» ይላል፤ ቆጣሪውም 40 ብሎ ይሞላል። ዕድሜ እንዲህ በ0 እና በ5 ወደሚያልቁ ቁጥሮች የተጠጋጋበትን መጠን በዊፕል መለኪያ ይለኩ፦ ከ23 እስከ 62 ካሉት ውስጥ ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀውን ደምረው በ5 ያባዙ፣ ከ23 እስከ 62 ላሉት ሁሉ ድምር ያካፍሉ፣ በ100 ያባዙ። 100 ከመጣ ንጹሕ ነው። ከ175 ካለፈ መረጃው በጣም ሻካራ ነውና 25–34፣ 35–44 እያሉ በአሥር ዓመት ይጠቅልሉት።

ሌላው ወጥመድ ጊዜው ነው። አንዱ ቆጠራ ጥቅምት 1987፣ ሌላው ግንቦት 1999 ስለነበር በመካከላቸው ያለው 12 ዓመት ተኩል ያህል ነው። በመጀመሪያው 0–4 የነበሩት በሁለተኛው ከ12 ተኩል እስከ 17 ተኩል ገደማ ይሆናሉ፤ ስለዚህ 10–14 እና 15–19 ላይ ይከፈላሉ። አንዱን ባር ከሌላው አንድ ባር ጋር ማጋጠም እዚህ አይሠራም።

የፒራሚዱ ሥር ጠቦ ሲታይ «ወሊድ ቀነሰ» ለማለት አይቸኩሉ። ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማ የሚገባ ወጣት 15–24ን ያሰፋል፤ ድምሩ ሲያድግ ወሊድ ባይቀንስም የሕፃናቱ ድርሻ ይወርዳል። ስለዚህ 0–4 ያሉትን ከ15–49 ላሉ ሴቶች ቁጥር አካፍለው በ1000 ያባዙ። ይህ ከወረደ ወሊድ የመቀነሱ ምልክት ነው። በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው በ1992 ከነበረበት 5.5 በ2008 ወደ 4.6 ወርዷል።

የጥገኝነት ምጣኔው፣ ማለትም ለ100 አምራች (ከ15–64 ላለ) ሰው ስንት ሕፃንና አረጋዊ እንደሚደርስ፣ አጭር ሒሳብ ነው። ከ1000 ሰው 420ው ከ15 ዓመት በታች፣ 40ው 65ና ከዚያ በላይ ቢሆኑ 460ን ለ540 ያካፍላሉ፤ ለ100 አምራች 85 ጥገኛ ይወጣል።

ከ1999 ወዲህ አገራዊ ቆጠራ ስላልተካሄደ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ትንበያ ነው። ሦስተኛ ፒራሚድ ከእርሱ ከሠሩ በሌላ ቀለም ያስምሩት፤ ቅርጹን የሚወስነው የተነበየው ባለሙያ ስለ ወሊድና ስለ ፍልሰት የያዘው ግምት ነውና።