የሙዚቃ ኪቦርዳችሁ ድምፁ በራሱ እየተርገበገበ ላስቸገራችሁ
ችግሩ ይሄ ነው፣ አንድ ኖት ተጭኜ ስይዝ ድምፁ ቀጥ ብሎ አይቆምም ይርገበገባል፣ ቫዮሊንና ፍሉት ላይ ይብሳል ፒያኖ ላይ ግን ምንም የለም። በሄድፎን ሞከርኩት ያው ነው። ኬብል ቀየርኩ፣ አዳፕተር ቀየርኩ፣ ፋክተሪ ሪሴት አደረግኩ፣ ከሪሴቱ በኋላ ትንሽ ደህና ይሆንና ተመልሶ ያው።

ምክንያቱ የተገኘው ኪቦርዱን በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ ሚዲ ኦክስ የሚባለውን፣ ኪቦርዱ የሚልከውን መልእክት (ሚዲ) የሚያሳይ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስከፍት ነው። ኪቦርዱን ማንም ሳይነካው የኮንትሮለር 1 መልእክት ዝም ብሎ ይጎርፋል፣ ቁጥሩም ይዘላል። ይሄን ቁጥር ከ0 እስከ 127 የሚልከው ሞዱሌሽን ዊሉ ነው፣ ድምፁን ለማርገብገብ በጣት የምትገፉት ጎማ። ዊሉ ራሱ ድምፅ አይሰራም፤ ውስጥ ኤልኤፍኦ የሚባል በሰከንድ 5 ወይ 6 ጊዜ አካባቢ የሚወዛወዝ ቀርፋፋ ሲግናል አለ፣ እሱ ፒቹን (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት) ወደላይ ወደታች ይገፋዋል፣ ዊሉ ደግሞ ምን ያህል ይግፋው የሚለውን ይወስናል። ፒያኖው ላይ ዊሉ ለቫይብራቶ (ለዚህ መርገብገብ) ስላልተመደበ ነው ደህና የነበረው። በጣም ደስ የሚል አሰራር ነው እኮ ሲገባችሁ!

ከዊሉ ስር ያለው ፖቴንሽዮሜትር (የዊሉን አቀማመጥ የሚለካው ክፍል) አቧራ ገብቶበታል። ከሶኬት ነቅዬ ከፈትኩት፣ ኮንታክት ክሊነር ረጨሁበትና ዊሉን ከጫፍ ጫፍ ደጋግሜ አዟዟርኩት፣ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቄ ገጠምኩ። አሁን 0 ላይ ቁጭ ብሏል። ተራ ዘይት እንዳትረጩበት፣ አቧራ መልሶ ይይዛል።

ቀድማችሁ የቀዳችሁት ሚዲ ትራክ (ድምፅ ሳይሆን የኪቦርዱ መልእክት የተቀዳበት) ካለ ግን መርገብገቡ እዛም ተቀድቷል፣ በምትቀዱበት ፕሮግራም ላይ የሞዱሌሽን ሌኑን (የዊሉ ቁጥሮች የተቀዱበትን መስመር) ከፍታችሁ ቁጥሮቹን አጥፉ፣ ኖቶቹ አይነኩም።